ሃርዱ ወጥቷል፤ ቁልፉስ?

ማብሪያው ሲጫን ትንፍሽ የማይል፣ ቻርጀር ሲሰካበት መብራቱ የማይበራ ላፕቶፕ ጠጋኝ ዘንድ ይወሰዳል። ጠጋኙ ከፍቶ፣ በቴስተር ነካክቶ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ይላል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ስለ ማሽኑ ዋጋ ብዙም አይጨነቅም፤ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው «ፋይሌስ?» የሚል ነው። የሦስት ዓመት የሂሳብ መዝገብ፣ ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጅ ክርስትና ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ደግ ነው። መረጃው የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ከማዘርቦርዱ የተለየ ዕቃ ነው፤ የራሱ ሰርኪት፣ የራሱ ሶኬት አለው። ስክሪን ቢሰበር፣ ኪቦርድ ላይ ሻይ ቢፈስ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ ቢቃጠል፣ እሱ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ተነቅሎ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ እንደነበረ ይነበባል።

ነገር ግን «ሃርዱን ወደ ሌላ ላፕቶፕ ማዛወር» ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ፋይሉን ማውጣት ነው። ሌላው ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሞቹ፣ ከነሴቲንጉ አንስቶ አዲሱ ማሽን ላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው አንድ ካቻቪቴና ርካሽ የዩኤስቢ ኬዝ ይበቃዋል። ሁለተኛው አንዳንዴ ገና እንደተሰካ ይሳካል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀን ሙሉ ያስቀምጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሁለቱም የሚቀድም ጉዳይ መጥቷል፤ እሱም የሃርዱ ቁልፍ ነው። ብሎን ከመፈታቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ቁልፉ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው ብሎኑን ከፈታ በኋላ ነው።

ሃርድ ዲስክ ኪስ የሚገባ ዕቃ መሆኑ ራሱ ዛሬ አያስገርምም እንጂ ረጅም መንገድ የተሄደበት ነገር ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ወርዳቸው 24 ኢንች የሆኑ 50 ዲስኮች የተደረደሩበት፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ቁም ሣጥን ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደልና አሃዝ፣ በዛሬ ስሌት 4 ሜጋባይት እንኳ የማይሞላ ነው፤ በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ይሞላዋል። ለላፕቶፕ የሚሆነው የ2.5 ኢንች ዲስክ የመጣው በ1988 ነው። ያመጣውም ፕሬሪቴክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ዲስኩ የሚይዘው 20 ሜጋባይት ነበር። ኩባንያው ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ልኩ ግን ቀረ። ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ፣ ቶሺባ ሳይባል የአንዱ ሃርድ ዲስክ ሌላው ላይ የሚገጥመው፣ አምራቾቹ ሁሉ በዚያው ልክ ስለሄዱ ነው።

ከ2003 ወዲህ ደግሞ ሶኬቱም አንድ ዓይነት እየሆነ መጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት አይዲኢ ዲስኮች በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ቀጫጭን መርፌዎች ነበሯቸው፤ አንዷ ከተጣመመች ሥራው እዚያው ይቆማል። የተካው ሳታ ጠፍጣፋ ሶኬት ነው። አጭሩ ክፍል ባለ 7 መስመር ሆኖ መረጃ ያስተላልፋል፤ ረጅሙ ክፍል ባለ 15 ሆኖ ኤሌክትሪክ ያደርሳል። ተገልብጦ አይገባም። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህን የመሰለ ዲስክ መንቀል እጅግ ቀላል ነው። ለምሳሌ ቲንክፓድ ኤክስ220 ላይ ከሥር አንድ ብሎን ይፈታል፤ በጎን ያለው ትንሽ ክዳን ይንሸራተታል፤ ከዚያ ሃርዱ ላይ የተለጠፈችውን ምላስ ይዞ መሳብ ብቻ ነው። ዲስኩ ግራና ቀኝ በጎማ ተይዞ ይወጣል። ያ ጎማ አብሮ ወደ አዲሱ ዲስክ መዛወር አለበት፤ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ እንደሆነ ዲስኩ ቦታው ውስጥ ይንገዳገዳል።

የዚሁ ላፕቶፕ ሌላ ጠባይ ደግሞ ውፍረት ነው። ቦታው የተሠራው 7 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ዲስክ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የነበረው የዘመኑ ዲስክ ግን 9.5 ሚሊሜትር ነበር። ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ቢሆንም በጉልበት የሚገባ አይደለም። ከወፍራም ላፕቶፕ ወደ ቀጭን ማዛወር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማስመሪያ ቢይዝ አይጎዳም። በተቃራኒው፣ ቀጭኑን ወደ ሰፊው ቦታ ማስገባት ይቻላል፤ አንዳንድ ኤስኤስዲዎች (የማይሽከረከሩ ዲስኮች) ከካርቶናቸው ውስጥ ለዚሁ የሚሆን የፕላስቲክ ክፈፍ ይዘው ይመጣሉ።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ላፕቶፖች ሌላ ዓለም ናቸው። በአዳዲሶቹ ውስጥ የ2.5 ኢንች ሣጥን የለም፤ በምትኩ ማስቲካ የሚያህል ሰሌዳ ማዘርቦርዱ ላይ ጋደም ብሎ በአንድ ቅንጣት ብሎን ተይዟል። ይህ ኤም ነጥብ 2 ይባላል። ላዩ ላይ የሚጻፈው 2280 የሚል ቁጥር ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ 2242 እና 2230 የሚባሉ አጫጭሮችም አሉ። ብሎኗ ስትፈታ ሰሌዳው በራሱ ቀና ይላል፤ በዚያው አቅጣጫ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የሚያስቸግረው ብሎኗ ከእጅ ወድቃ ምንጣፍ ውስጥ መግባቷ ነው። መግነጢስ ያለው ካቻቪቴ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

የኤም ነጥብ 2 ዋናው ወጥመድ ግን መልኩ ነው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሰሌዳዎች ውስጣቸው የማይገናኝ ሊሆን ይችላል፦ አንደኛው እንደ ድሮው ዲስክ የሳታን ቋንቋ ይናገራል፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ የተባለውን ፈጣን መንገድ ይጠቀማል። ሳታው በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ሲቆም፣ ኤንቪኤምኢው 3,500 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሳታ ብቻ የሚያውቅ ላፕቶፕ ላይ ኤንቪኤምኢ ቢሰካ ማሽኑ ምንም እንዳልተሰካበት ይቆጥረዋል። ሻጩም ገዢውም «ሃርዱ ተበላሽቷል» ብለው የሚከራከሩበት ዕቃ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ የተሰካው የማይግባባው ማሽን ላይ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠቁማል፤ ኤንቪኤምኢዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍተት፣ ሳታዎች ሁለት ክፍተት አላቸው። ቁርጡን የሚነግረው ግን ላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

ጨርሶ የማይነቀልም አለ። ርካሽ በሆኑ ትንንሽ ላፕቶፖች ውስጥ ኢኤምኤምሲ የተባለው ማከማቻ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። በዋጋ ከሌላው ጫፍ ያሉት የአፕል ላፕቶፖችም እንደዚያው ናቸው። አፕል የ12 ኢንቹን ማክቡክ በ2015 ሲያወጣ ማከማቻውን በይዶ ነው የሠራው፤ ከ2018 ወዲህ ቲ2 የተባለችው ቺፕ ያለባቸው፣ በኋላም ከ2020 ጀምሮ በኤም1 እና በተከታዮቹ የሚሠሩት ማክቡኮች ላይ መረጃው እዚያው ማሽን ውስጥ ባለ ቁልፍ ተመስጥሮ ይጻፋል። የማስታወሻ ቺፖቹ ተነቅለው ሌላ ቦርድ ላይ ቢበየዱ እንኳ ከትርጉም የለሽ ቁጥር በቀር የሚነበብ ነገር የለም። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ «ሃርዱን እናውጣው» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሌላ ቦታ ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

የሚነቀል ከሆነ ግን ከመክፈት በፊት ማሽኑ በትክክል መጥፋት አለበት፤ በእርግጥ ገና የሚሠራ ከሆነ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ሲባል ማሽኑ ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም፤ በፍጥነት ለመነሳት እንዲያመቸው የስርዓቱን ሁኔታ ሃርዱ ላይ ጽፎ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ የተነቀለ ሃርድ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ሊያጉረመርም፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ከመነበብ በቀር አልጻፍም ሊል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የ«ሺፍት» ቁልፍ ተይዞ «ሻት ዳውን» ይጫናል። ከዚያ ቻርጀር ይነቀላል፣ ባትሪ ይወጣል ወይም የውስጥ ባትሪው ገመድ ይላቀቃል፣ እጅ ሹራብና ምንጣፍ ላይ ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ እንዲያራግፍ አንድ ብረት ይነካል።

የወጣው ሃርድ ኬዝ ውስጥ ይገባል። ለ2.5 ኢንች ዲስክ የሚሆነው ኬዝ በየኮምፒውተር መለዋወጫ ሱቁ አለ። ለኤም ነጥብ 2 ግን «የሳታ ነው ወይስ የኤንቪኤምኢ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ ሁለቱንም የሚያነብ አለ፣ የማያነብም አለ። የሚሽከረከር አሮጌ ዲስክ ደግሞ ሲነሳ ኤሌክትሪክ ይጎትታል። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ስለሆነ አንዳንዱ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቆማል፤ 900 የሚሰጠው ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ግን ይነሳል። ሞቷል ተብሎ ከመጣሉ በፊት ቀዳዳ መለወጥ ተገቢ ነው።

ገመዱ ከተሰካ በኋላ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ፎልደሮቹ ይከፈታሉ፤ ወይ ነጭ መስኮት ብቅ ብሎ 48 አሃዝ ይጠይቃል።

ያ መስኮት ቢትሎከር ነው። ዊንዶውስ በብዙ ማሽኖች ላይ ባለቤቱ ሳያዘው ሃርዱን ያመሰጥራል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት የተገባበት ላፕቶፕ ላይ ይህ የተለመደ ነው። በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ ደግሞ አዲስ ሲጫን ምስጠራው ራሱን የሚያበራባቸው ማሽኖች በዝተዋል። በደህናው ቀን ማንም አያየውም። የምስጠራው መክፈቻ ቲፒኤም በተባለች ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ስለሚጠበቅ፣ ማሽኑ ሲነሳ በዝምታ ይከፈታል። ሃርዱ ከዚያ ቦርድ ሲለይ ግን ቺፗም አብራው አትመጣም። የቀረው መንገድ ስድስት ስድስት አሃዝ ሆኖ በስምንት የተከፈለው የመልሶ ማግኛ ቁጥር ብቻ ነው።

ዓለም ይህን ቁጥር በጅምላ የፈለገበት አንድ ቀን አለ። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው የተበላሸ ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ገተራቸው። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ጥገናው ራሱ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ፋይሉ ያለበት ሃርድ ግን በቢትሎከር የተቆለፈባቸው መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎቻቸውን በየማሽኑ ፊት አስቀምጠው 48 አሃዝ ማስጻፍ ነበረባቸው። ቁጥሮቹ የተቀመጡበት ሰርቨር ራሱ የተገተረባቸውም ነበሩ።

ለአንድ ተራ ተጠቃሚ ቁጥሩ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ አካውንቱ ተከፍቶ፣ በመሣሪያዎች ዝርዝር ሥር ይታያል። ብዙ ቁጥር ካለ፣ የተቆለፈው ስክሪን ላይ የሚታየውን መለያ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ጣጣው የሚመጣው አካውንቱ የማን እንደሆነ ሲጠፋ ነው። ላፕቶፑ ሲገዛ ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው ሻጩ ዘንድ ነው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ቁልፉ ያለው አይቲ ክፍሉ ውስጥ ነው። ኢሜይሉ ለዚያች ቀን ተብሎ ተከፍቶ የይለፍ ቃሉ ከተረሳ ግን፣ ምስጠራውን ሰብሮ የሚገባ ጠጋኝ የለም። «እንከፍተዋለን» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ካለ፣ የሚያደርገው ሃርዱን ፎርማት አድርጎ ባዶውን መመለስ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ በደህና ጊዜ የሚሠራ ሥራ አለ፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ቢትሎከር» ብሎ ገብቶ ቁጥሩን ማተም ወይም ሌላ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሃርዱን ሆን ብሎ ለማዛወር ያሰበ ሰው ደግሞ ምስጠራውን አስቀድሞ ማጥፋትና ምስጠራው ተፈቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ይችላል። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ በኋላ ይህን ማሰብ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

ሃርዱ ተከፈተ እንበል። አሁን ምን ይገለበጣል? አብዛኛው ሰው «ዴስክቶፕ» እና «ዶክመንትስ» ላይ ያቆማል። የድሮው የተጠቃሚ ፎልደር ሲነካ ዊንዶውስ «ፈቃድ የለህም» ይላል፤ «ኮንቲንዩ» ተብሎ ሲታለፍ ፎልደሩ ትልቅ ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ያስጠብቃል እንጂ ችግር የለውም። እውነተኛው ችግር እዚያ የማይገኙት ፋይሎች ናቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ድርጅቶች ሂሳባቸውን የሚይዙበት ፒችትሪ የኩባንያውን መረጃ «ዶክመንትስ» ውስጥ አያስቀምጥም፤ ሲ ድራይቭ ላይ የራሱ ፎልደር፣ በውስጡም ለየኩባንያው የተለየ ማኅደር አለው። የሂሳብ ሠራተኛው ዴስክቶፑን ሙሉ ገልብጦ፣ አሮጌውን ሃርድ ፎርማት አስደርጎ፣ ከዚያ ፒችትሪን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሲከፍት ባዶ ሆኖ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በብሮውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችም ፎልደሩ ስለተገለበጠ ብቻ አይመጡም፤ ክሮም ዊንዶውስ ላይ የሚያስቀምጣቸው ከድሮው የዊንዶውስ ተጠቃሚ ጋር በተሳሰረ ምስጠራ ነው። በጉግል አካውንት ተመሳስለው የነበሩ ከሆነ ግን ወደ አካውንቱ ሲገባ ራሳቸው ይመጣሉ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ከሁሉም የሚብሰው ፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የመጽሐፍ ረቂቁ የተጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪጂ2 እና በመሳሰሉት የቀድሞ ፎንቶች ነው። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የጫኑ ናቸው። ፋይሉ ፎንቱ ወደሌለበት ላፕቶፕ ሲሄድ ቅርጹ ይወልቅና ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይታያል። የ20 ዓመት የማኅበር መዝገብ «በቫይረስ ተበላ» ተብሎ የሚጣለው እንዲህ ሆኖ ሲታይ ነው። ፋይሉ ግን ደህና ነው። መድኃኒቱ እዚያው አሮጌው ሃርድ ላይ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» በሚለው ሥር ተቀምጧል፤ ፎንቶቹን ወደ አዲሱ ማሽን ገልብጦ መጫን ነው። ጽሑፉን በዘለቄታው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ሌላ ሥራ ነው፤ ለዚያም ቢሆን ፎንቱ ቀድሞ መዳን አለበት።

ፋይሉን ትቶ ስርዓቱን ራሱን ማዛወር የፈለገ ሰው ታሪኩ ይለያል። በዊንዶውስ ኤክስፒና በ7 ዘመን ይህ ቁማር ነበር። ዊንዶውስ ሲጫን ሃርዱን የሚያነጋግርበትን ሾፌር (ድራይቨር) ከነበረበት ቦርድ ጋር አጣጥሞ ስለሚይዝ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሲነሳ የተነሳበትን ሃርድ ራሱን ማየት ይሳነውና ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይወድቃል። ስህተቱ ሲጠራም «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 የተሻለ ጠባይ አላቸው። አዲስ ቤት እንደገባች ሙሽራ ጨውና በርበሬው የት እንዳለ እስኪለይ ጥቂት ደቂቃ ይንገታገታል፤ ስክሪኑ ላይ መሣሪያዎችን እያዘጋጀ መሆኑን ይጽፋል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዴስክቶፑ እንደነበረ ብቅ ይላል። ዋይፋይ ላይኖር ይችላል፤ ሾፌሩ ገና ስላልተጫነ ነው። ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔቱን በዚያ በኩል ማካፈል የቀረውን ሾፌር እንዲያወርድ ያስችለዋል።

የማይነሳ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ባዮስ በሚባለው የማስነሻ ሴቲንግ ውስጥ ነው። አሮጌ ዊንዶውሶች የተጫኑት «ሌጋሲ» በሚባለው መንገድ፣ ኤምቢአር በተባለ የክፍፍል ሠንጠረዥ ላይ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች የሚነሱት ግን ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ መንገድ ነው፤ ብዙዎቹ የድሮውን መንገድ ጭራሽ ትተውታል። ዊንዶውስ 10 ለዚህ ሲል ኤምቢአርን ፋይል ሳያጠፋ ወደ አዲሱ ጂፒቲ የሚቀይር የራሱ መሣሪያ አለው፤ ከመጠቀሙ በፊት ግን ቅጂ መያዝ ግድ ነው። ሌላው ሰበብ ኢንቴል ቪኤምዲ ወይም «ሬይድ» የሚባለው የማከማቻ ሴቲንግ ነው። የድሮው ላፕቶፕ «ኤኤችሲአይ» ላይ የነበረ እንደሆነ አዲሱንም ወደዚያው መመለስ ሰማያዊውን ስክሪን ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል።

ፈቃዱስ? ከላፕቶፑ ጋር የተሸጠ ዊንዶውስ ፈቃዱ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው፤ ሃርዱ ሲሄድ አይከተለውም። አዲሱ ላፕቶፕ ከፋብሪካው የራሱ ፈቃድ ካለውና የዊንዶውሱ ዓይነት፣ ማለትም ሆም ወይም ፕሮ፣ ከገጠመ ራሱ ያነቃዋል። ካልገጠመ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚለው ጽሑፍ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

በዚህ ሁሉ ላይ ፍርድ መስጠት ካስፈለገ፣ ለአብዛኛው ሰው ስርዓቱን ማዛወር ልፋቱን አያክልም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ያንን ይዞ ወደ አዲስ ላፕቶፕ መግባት ከነቆሻሻው ቤት መቀየር ይሆናል። አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ ፋይሉን ከኬዙ መገልበጥ በአንድ ቀን ያልቃል። ስርዓቱን ማንሳት የሚያዋጣው መጫኛው የጠፋ፣ ኩባንያው የተዘጋ፣ እንደገና የማይገኝ ፕሮግራም ለያዘ ሰው ነው። ሊኑክስ የሚጠቀሙት በዚህ ረገድ ይስቃሉ፤ ሾፌሮቹ አብዛኞቹ ከከርነሉ (ከስርዓቱ እምብርት) ጋር አብረው ስለሚሄዱ ኡቡንቱ ያለበት ሃርድ ከአንዱ ላፕቶፕ ወጥቶ ሌላው ላይ ተሰክቶ ምንም እንዳልተፈጠረ መነሳቱ የተለመደ ነው።

ሁለቱም ላፕቶፖች የሚሠሩ ሆነው ሶኬታቸው ካልገጠመ፣ ለምሳሌ የድሮው 2.5 ኢንች ሆኖ አዲሱ ኤም ነጥብ 2 ብቻ ካለው፣ ሃርዱን በጉልበት ማስገባት ሳይሆን ቅጂውን መውሰድ ነው። ክሎንዚላ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሃርዱን እንዳለ ወደ ሌላው ይገለብጣል፤ ተቀባዩ ከሰጪው ማነስ የለበትም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሃርዱ ደህና ነው በሚል ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ኬዝ ውስጥ ገብቶ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን መሞከሩ ይብቃ። መረጃውን የሚያነበው ራስ ከዲስኩ ገጽ በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚንሳፈፈው፤ የጣት አሻራ ከዚያ ክፍተት ይወፍራል። የተጎዳ ራስ በተነሳ ቁጥር ገጹን ይፍቃል። ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር የሚባለው ያረጀ ምክር ሲወጣ ውስጡ የሚጤዘውን ውኃ አያስብም፤ ሃርዱን ሳሎን ውስጥ መክፈት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

በትክክለኛ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው የኮሎምቢያ መንኮራኩር ታሪክ ነው። መንኮራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ወደ ምድር ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ከስብርባሪዋ መካከል የአንድ የፊዚክስ ሙከራ ውጤት የያዘ ከ400 ሜጋባይት የማይበልጥ ሃርድ ዲስክ ቴክሳስ ውስጥ ተገኘ። ውጭው ቀልጧል፣ ማሸጊያው ተቃጥሎ ቆሻሻ ገብቶበታል። ክሮል ኦንትራክ የተባለው ኩባንያ መሐንዲሶች ውስጡ ያሉትን ዲስኮች አውጥተው፣ በኬሚካል አጥበው፣ አዲስ የዲስክ አካል ውስጥ ገጠሟቸው፤ 99 በመቶ ገደማ የሚሆነውም መረጃ ተነበበ። የሙከራው ፍሬ የሆነው፣ ዜኖን የተባለው ጋዝ ሲናወጥ ስለሚያሳየው ጠባይ የሚናገረው ጥናት በ2008 ታተመ። ይህ የሆነው አቧራ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው።

ዝውውሩ ካለቀ በኋላ አሮጌው ሃርድ ጥቂት ሳምንት ሳይነካ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ የተረሳ ፋይል የሚታወሰው ሥራ ሲጀመር ነው። ከዚያ በኬዙ እንደ ኤክስተርናል ያገለግላል። የዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ የገዛ ሰው ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው የሚገባ የሃርድ መያዣ መጠቀም ይችላል፤ መያዣው 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር በሆነ ሁለት ውፍረት ይመጣልና ሳይለኩ መግዛት ትርፉ መመላለስ ነው።

የሚሸጥ ከሆነ ግን አንድ የቆየ ጥናት መጥቀስ ይገባል። ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮች ገዝተው መረመሩ፤ ውጤቱ በ2003 ወጣ። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች ውስጥ በአግባቡ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር፣ የሕክምና መረጃ፣ የግል ደብዳቤ ተገኘ፤ አንዱ በባንክ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ውስጥ ሲሠራ የነበረ ነው። «ኩዊክ ፎርማት» ማውጫውን ቀድዶ ይጥላል እንጂ ገጾቹን አያጠፋም። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላል፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያን ያህል መጠበቅ የማይፈልግ ሻጭ ሃርዱን አውጥቶ ላፕቶፑን ለብቻው መሸጥ ይችላል፤ ገዢው የአንድ ሃርድ ዋጋ ይቀንስበታል።